ለሙከራ የጮኽሁት እሪታ

ሞተር ሳይክሉ ላይ ድምፅ ማጉያ ሊያስገጥም የሚመጣ ጎረምሳ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ዋቱ ስንት ነው ፋዘር?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ባትሪህስ?» ብዬ እመልስለታለሁ። ይስቃል፤ ሽማግሌው ጃጅቷል ብሎ ጓደኛውን በዓይኑ ይጠቅሰዋል። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል። ካንዴም ሁለቴ ዕቃውን ከነፌስታሉ ወደ ውጭ ወርውሬ «ሂድ ሌላ ቦታ አስገጥም!» ብያለሁ። ሰፈሩ ቁጡ ነው ይለኛል። ለምን እንደምቆጣ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ተናግሬ አላውቅም። ዕድሜዬ እየገፋ ስለሆነ ሳልናገረው እንዳልሞት ዛሬ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ቆቦ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ያሲን እባላለሁ፤ ገበያው አፍ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችኝ፣ እዚያ ራዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ሙያውን የተማርሁት ደሴ፣ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ነው። ወደዚያ የሰደደኝ ታላቅ ወንድሜ አደም ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበርሁ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አያ አደም እለዋለሁ። ከከተማው በስተምሥራቅ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው ሜዳ ላይ ማሽላ ያርሳል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ የማይመስል ሰው ነበር። በሜዳው ላይ እሪ ከተባለ መጀመሪያ የሚደርሰው አደም ነው ይባል ነበር፤ እውነትም ነው።

ስለ እሪታው ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የኋላው አይገባችሁም። በእኛ ቆላ ከብት ሲነዳ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ወይ ጎሊና ወንዝ ደራሽ ውሃ ሞልቶ ሰው ሲወስድ አንድ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ እሪ ይላል። የሰማ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኩሳል። «ሰምቻለሁ፣ መጣሁ» ማለቱ ነው። ከዚያ እሱም በተራው እሪ ብሎ ለቀጣዩ መንደር ያስተላልፍና መሣሪያውን ይዞ ድምፁ ወዳለበት ይሮጣል። ምን ሆነህ ብሎ የሚጠይቅ፣ ማን ነህ ብሎ የሚመርጥ የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የተኳረፈውም ይሮጣል። ሰምቶ የቀረ ሰው ለልጁ ሚስት የሚሰጠው አያገኝም።

በዚያ ሰሞን በከተማው ጓድ ደምሴ የሚባል ካድሬ ተመድቦ መጥቶ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያወዛውዝ ሰው ነው። ገበሬውን ስብሰባ ይጠራዋል፤ ገበሬው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሲጠየቅ «አልሰማንም ጌታው» ነው መልሱ። መኪና እንዳይልክ ሜዳው አሸዋና እሾህ ነው። በመጨረሻ ከበላይ አንድ ሞተር ሳይክል ተሰጠው፤ ያን እያስገፋ ከሁለት ሚሊሻዎች ጋር ሱቄ ደጃፍ መጣ።

«የዚህ አገር መሐንዲስ አንተ ነህ አሉኝ» አለ።

«ራዲዮ እጠግናለሁ ጓድ።»

«ይህ ሞተር እንዲጮህ እፈልጋለሁ። እኔ ከዚህ ስናገር ዞብል ሥር ያለው ገበሬ አልሰማሁም እንዳይለኝ።»

«ስንት ቀን አለኝ?»

«ሦስት።»

ወደ አንድ መጋዘን ወስዶ ከየቦታው ተወርሶ የመጣ ዕቃ አሳየኝ። አላህ ይቅር ይበለኝና ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። አቧራ የለበሱ ሁለት አምፕሊፋየሮች አሉ። አንደኛው ትንሽ፣ አሥራ አምስት ዋት፣ ሁለት እጅ የማይሞላ ነው። ሌላው ስድሳ ዋት፣ እንደ ግንድ የሚከብድ ነው። ከስፒከር ደግሞ ሁለት የእንጨት ሳጥኖችና አራት የብረት ቀንዶች አሉ። ቀንድ የምንለው አፉ እንደ ጥሩንባ የሰፋውን ነው፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ላይ ታውቁታላችሁ።

ስፒከሩን መምረጥ አላስቸገረኝም። ሳጥኑ ድምፁ ያምራል፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም አሟልቶ ያወጣል። ነገር ግን ሜዳ ላይ መቶ እርምጃ ሳይሄድ ነፋስ ይበትነዋል፤ ለሰርግ ድንኳን ነው። ቀንዱ ወፍራሙን ድምፅ ይተውና ቀጭኑን ብቻ አጥብቦ፣ በአፍንጫ እንደሚናገር ሰው አድርጎ ይወረውረዋል። አያምርም፤ ሩቅ ግን ይሄዳል። ቀንዶቹን ያዝሁ።

የተሳሳትሁት አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። ደሴ ያለው መምህሬ «መጀመሪያ ባትሪውን እይ፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን፣ ስፒከሩን መጨረሻ። ባትሪው የማይችለውን አምፕሊፋየር መጫን አህያ ላይ የግመል ጭነት መጫን ነው» ይለኝ ነበር። የሞተሩን ባትሪ አይቼዋለሁ፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ናት። በትንሹ አምፕሊፋየርና በሁለት ቀንድ ግማሽ ቀን ብንጮኽ ትችላለች። በትልቁና በአራቱ ግን ሞተሩ ከጠፋ ሩብ ሰዓት ብትቆይ ነው። ይህን በወረቀት ላይ አስልቼዋለሁ። አስልቼም ትልቁን መረጥሁ።

ካድሬውን ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። ካድሬው ዋት ከቮልት አይለይም፤ ትንሹን ብገጥምለትም አያውቅም ነበር። ትልቁን የመረጥሁት ስድሳ ዋት ነድቶ የሚያውቅ ሰው በቆቦ ስላልነበረ ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለ ሰው ሁሉ «የያሲን ሥራ ነው» እንዲል ፈለግሁ። ሁለት ቀንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ አሰርሁ፤ አምፕሊፋየሩ በንዝረት እንዳይፈታ ከሥሩ የጎማ ካላማዳሪያ ቆርጬ አነጠፍሁለት። ሲያልቅ እንደ ሙሽራ ዞር ዞር ብዬ አየሁት።

በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ለሙከራ ወጣን። ከከተማው በስተምሥራቅ አንዲት ጉብታ አለች፤ ሞተሩን እዚያ ቁርቁራ ዛፍ ሥር አቆምነው። ከፊታችን ሜዳው እስከ ዞብል ተዘርግቷል። ከኋላችን፣ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ወደ ከተማው በኩል፣ ሌላ ጉብታ ላይ የጦሩ ምሽግ አለ። በዚያን ጊዜ ተራራው ሁሉ ሽፍታና አማፂ ነው እየተባለ ወታደሩ እንቅልፍ አልነበረውም። ጓድ ደምሴ ከጦሩ አዛዥ ጋር ስለማይስማማ ሙከራ እንዳለን አልነገራቸውም። ይህን እኔ የሰማሁት በኋላ ነው።

ከእኛ ጋር አባ ሙሄ ነበሩ። አዋጅ ነጋሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ቢሆንም በዚያ ሜዳ የሳቸውን የሚያህል ድምፅ አልነበረም። ካድሬው ያመጣቸው ለድምፃቸው ነው። የሞተሩ ጩኸት ማይኩ ውስጥ እየገባ ስላስቸገረኝ ሞተሩን አጠፋሁትና ማይኩን ለጓድ ደምሴ ሰጠሁት።

«ሰፊው ሕዝብ ሆይ!» ብሎ ጀመረ። አሥር ደቂቃ ያህል አነበበ። ሜዳው ላይ የሚያርሱ ሰዎች በዓይናችን ይታያሉ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። አንዱ እንዲያውም በሬዎቹን አዙሮ ጀርባውን ሰጠን።

«ይሰማል አይሰማም?» አለኝ ፊቱ ቀልቶ።

«ይሰማል ጓድ።»

«በምን አውቃለሁ? ሦስት ቀን ያባከንኸው ለዚህ ነው?»

የሚቀጥለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። «ጓድ፣ ንግግር ሰምተው ዝም ይላሉ። እሪ ቢባል ግን የሰማ ሁሉ አንድ ጥይት ይተኩሳል። ጥይቱን ብንቆጥር ድምፃችን እስከ የት እንደደረሰ እናውቃለን። ደግሞ ቀንድ የሚወደው እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው» አልሁ።

አባ ሙሄ ደነገጡ። «ከዚያስ የኔ ልጅ? ተኩሰው ይቀራሉ እንዴ? ይመጣሉ እኮ!»

«ሲነሡ ሙከራ ነው ብለን እንመልሳቸዋለን አባ። ማጉያ ይዘናል አይደለም?»

ጓድ ደምሴ ሐሳቡን ወደደው። ማይኩን ለሽማግሌው ዘረጋላቸው። «በል ጩኽ።»

«እሪ ለሙከራ አይባልም» አሉ አባ ሙሄ። «ከብት ሳይነዳ፣ ቤት ሳይነድ? ወላሂ አልልም ጌታው። ሌላ ነገር እዘዘኝ፤ እዘፍናለሁ፣ እለፍፋለሁ። ይህን ግን አልችልም።»

«አንተ አድኃሪ ሽማግሌ!» ብሎ ሽጉጡን መዘዘና በሰደፉ አፋቸውን መታቸው። ሽማግሌው በጉልበታቸው ወደቁ። አንደኛው ሚሊሻ ጀርባቸውን በእግሩ ተጫነ። ካድሬው ደገማቸው። ጥርሳቸው ከደም ጋር አፈሩ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። «ትላለህ አትልም?» ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽጉጡን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ አደረገው።

«ተዋቸው! እኔ እላለሁ!» አልሁና ማይኩን ከእጁ ወሰድሁ።

ለብዙ ዓመት ሽማግሌውን ለማዳን ነው እያልሁ ራሴን ሸንግያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቀንዶቼ እስከ የት እንደሚደርሱ ለማወቅ መጓጓቴ ነው። በደም የቆሸሸ ማይክ ይዤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት።

«ኡ—ኡ—ኡ! የሰው ያለህ! ድረሱ! ድረሱልን!»

የገዛ ድምፄ ደረቴን መታኝ። ከዛፉ ላይ ያሉ ወፎች ሁሉ ተነሡ። ቀጥሎ ከቅርቡ ማሳ አንድ ጥይት ጮኸ። «አንድ!» አለ ጓድ ደምሴ። ራቅ ብሎ ሌላ። «ሁለት!» ከወንዙ ማዶ ሁለት ተከታትለው ተሰሙ። «ድገመው!» አለኝ። ደገምሁት። ሦስተኛም ጮኽሁ። ጥይቱ እየራቀ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ከዞብል ሥር አንዲት ደቃቅ «ጧ» መጣች። ካድሬው አቅፎ ሳመኝ። እኔም፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ከደስታዬ ብዛት ሳቅሁ። መሬት ላይ ሽማግሌ ደሙን እየተፋ እኔ እስቅ ነበር።

«መልሳቸው» አሉኝ አባ ሙሄ። «ያሲን፣ አሁኑኑ መልሳቸው።»

ቀና ብዬ ሜዳውን አየሁ። የሚያርስ ሰው የለም፤ በሬዎቹ ከነቀንበራቸው ቆመዋል። በየአቅጣጫው አቧራ ተነሥቷል፤ ከየአቧራው ፊት መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ እኛ ይሮጣል። ከኋላችን ደግሞ ከምሽጉ ፊሽካ ሲነፋ ሰማሁ። ወታደሩ ዙሪያውን ተኩስ ሰምቷል፤ አሁን የታጠቀ ሰው ከሁሉም በኩል ወደ ከተማው ሲሮጥ እያየ ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን አስብ ነበር?

ማይኩን አነሣሁ። «ተመለሱ! ሙከራ ነው!» ልል ነበር። ከቀንዶቹ የወጣው «ተመ…» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ እንደታነቀ ሰው አንዴ አንኮራፋና ዝም አለ። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ፈዝዛ ጠፋች። በዚያች ቅጽበት በወረቀት ላይ የጻፍሁት ሩብ ሰዓት ትዝ አለኝ።

ሞተሩ ላይ ወጥቼ በእግሬ ረገጥሁት፣ ደጋግሜ ረገጥሁት። አልነሣም አለ። የዚያ ሞተር እሳት የሚመጣው ከዚያችው ባትሪ ነው፤ አምፕሊፋየሬ ጨርሶ ጠጥቷታል።

«ጓድ፣ ወደ ምሽጉ ሮጠው ይንገሯቸው!» ብዬ ጮኽሁ። ጓድ ደምሴ ግን ሞተሩ ሥር በሆዱ ተኝቷል። ሚሊሻዎቹ የሉም።

ወደ ሜዳው ሮጥሁ። ነጭ ሸሚዜን አውልቄ ከራሴ በላይ እያውለበለብሁ፣ «ተመለሱ! ተመለሱ!» እያልሁ ሮጥሁ። ድምፄ በሦስቱ እሪታ ተዘግቷል፤ ለራሴም አይሰማኝም። በእኛ አገር ደግሞ እሪ ከተባለ በኋላ ጨርቅ እያውለበለበ የሚሮጥ ሰው «ፍጠኑ፣ አለቅን» ማለቱ ነው። የዚህ አገር ልጅ ሆኜ ያን ረሳሁት። ጨርቁን ሲያዩ እርምጃቸውን ጨመሩ።

ከፊት የነበረው አያ አደም ነው። በሩጫው ለየሁት። ከጎኑ ኃይሉ አለ። ኃይሉ ከእኛ ቤት ጋር በጎርፍ ውሃ መጥለፊያ ተጣልቶ አራት ዓመት ሰላምታ የነሣን ሰው ነው፤ ሠርጌ ላይ አልመጣም። አሁን ከወንድሜ ጎን ለጎን፣ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ይዞ ለእኔ ይሮጣል።

መትረየሱ ከኋላዬ ጀመረ። መጀመሪያ አፈሩ በፊታቸው ዘለለ። ከዚያ ኃይሉ አንገቱን የተመታ መሰለኝ፤ ሁለት እርምጃ ሮጦ በግንባሩ ተደፋ። ሁለተኛው ሰው ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ሌላው ከማሽላው ጉቶ መሃል ተጋደመ፤ እግሩ ለረዥም ጊዜ መሬቱን ይመታ ነበር። ያኔም የቀሩት አልተመለሱም። ጠላት ከጉብታው ላይ ነው ብለው ተኝተው መተኮስ ጀመሩ። ተኩሱ በራሴ ላይ ከሁለቱም በኩል ያልፋል። አያ አደም ግን አልተኛም፤ ወደ እኔ ሮጠ። «ተኛ! አያ፣ ተኛ!» አልሁት። ሃያ እርምጃ ሲቀረው ቀኝ እግሩ ከሥሩ ተቆርጦ የሄደ ይመስል ወደቀ።

በደረቴ እየተሳብሁ ደረስሁበት። ጉልበቱ የለም፤ ነጭ አጥንትና ሥጋ ተቀላቅሎ ደሙ ይዘላል። ሸሚዜን ከጭኑ ላይ ጠምጥሜ አጠበቅሁት። እሱ እግሩን አላየም። እኔን በእጁ ይዳስሰኛል፤ ደረቴን፣ ሆዴን፣ ራሴን።

«የት ላይ ነው የተመታኸው?» አለኝ።

«እኔ ደህና ነኝ አያ።»

«እነማን ናቸው የመጡብህ? ከብት ነው? ቤት ነው?»

«ማንም አልመጣም። ሙከራ ነበር።»

«የምን ሙከራ?»

«የድምፅ ማጉያ። እስከ የት እንደሚሰማ…»

ፊቱ የተናደደ አይመስልም፤ ያልገባው ነው የሚመስለው። «ድምፅህን አወቅሁት እኮ» አለ። «ያሲን ነው፣ ወንድሜ ነው አልሁ። እርፉን ጥዬ ነው የመጣሁት።»

ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ሆኖ ድምፄን ለይቶታል። ያን ያህል ጥርት ያለ ሥራ ነበር የሠራሁት።

ተኩሱ የቆመው ጓድ ደምሴ እየተሳበ ምሽጉ ከደረሰ በኋላ ነው። ሦስት ሰው ሞተ። ወንድሜን በጦሩ መኪና ደሴ ወስደው እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። እኔ አልሸኘሁትም፤ በዚያው ምሽት ታስሬያለሁና። ካድሬው «ሕዝቡን ለአመፅ ጠርቷል» ብሎ ከሰሰኝ። እጅና እግሬን አስረው በብረት ላይ ገልብጠው ሰቅለው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። «ማን ላከህ?» ይሉኛል። የላከኝ ሰው ስም ቢኖር በደስታ እናገር ነበር። በአራተኛው ቀን እግሬ አብጦ ከጫማ አይገባም፤ ጥፍሮቼ ወላለቁ። እንዲያም ሆኖ ሲመቱኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሲተዉኝ ነው የወንድሜ ጉልበት የሚታየኝ።

የፈቱኝ ምሕረት አድርገውልኝ አይደለም። ማጉያውን የሚጠግን ሌላ ሰው ስላጡ ነው። እያነከስሁ መጋዘኑ ወሰዱኝ፤ ትልቁን አምፕሊፋየር ከፍቼ ውስጡን አየሁ። ደህና ነው፤ ባትሪ ብቻ ነው የጎደለው። ዞር ሲሉ ዋናውን ጥቅል ሽቦ በጉጠት ቆራረጥሁትና «ተቃጥሏል፣ አይሠራም» አልኋቸው። በሕይወቴ የሠራሁት ጥሩ ሥራ ቢኖር እሱ ነው።

ወንድሜ ከደሴ ሲመለስ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች፣ ዘወልድ የምንላቸው፣ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። የሦስቱ ሟቾች ቤተሰብ በአንድ በኩል፣ እኔ ብቻዬን በሌላ በኩል። አባ ሙሄ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። አፋቸው ሽሮ ድኗል፤ የፊት ጥርሳቸው ስለሌለ ንግግራቸው ይነፍሳል።

«ጥይቱ የማን እንደሆነ እናውቃለን» አሉ። «እሱ በሽማግሌ የሚጠራ ሰው አይደለም፤ ለአላህ ሰጥተነዋል። እሪታው ግን የእኛ ልጅ እሪታ ነው። እኔ አልልም ስል እሱ አለ። ልቡ ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔን ሊያተርፍ እንደሆነም አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው ይህን ከረሳ ነገ እሪ ሲባል ማን ይነሣል? እውነት ይሆን ሙከራ እያለ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሁላችን አለቅን።»

ከዚያ ተመካክረው ፈረዱ። ከብት ክፈል አላሉኝም፣ አገር ልቀቅ አላሉኝም። ከዛሬ ጀምሮ ያሲን እሪ ቢል የሚሄድለት አይኖርም አሉ። ቤቱ ቢነድ፣ ወንዝ ቢወስደው፣ ሌባ ቢገባበት፣ ሰምቶ የቀረ ሰው አይነወርም። አባ ሙሄ ይህን ሲናገሩ ዕንባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር።

የኃይሉ እናትም እንዲናገሩ ዕድል ተሰጣቸው። «ልጄ ሰምቶ አልቀረም» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ከግርፋቱም ከፍርዱም ይልቅ የገደለኝ እሱ ነው።

ሰው ሊነሣ ሲል አያ አደም ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ። የሱሪው ቀኝ እግር ታጥፎ በመርፌ ተይዟል።

«ፍርዱን ተቀብያለሁ» አለ። «እኔን ግን ከፍርዱ አውጡኝ።»

«እንዴት አድርገን አደም?» አሉ አባ ሙሄ።

«ሌላው አይምጣ። ይህ ልጅ እሪ ካለ ግን እኔ እመጣለሁ።»

«በአንድ እግር?»

«እዘገይ ይሆናል። እደርሳለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ የከለከለው አልነበረም።

አንባቢዎቼ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ሁላችንም እንተርተዋለን። እኔ አፌ ላይ ስድሳ ዋት ጨመርሁበት። ዛሬ ዋት ብቻ የሚጠይቀኝን ጎረምሳ የምቆጣው ስለዚህ ነው። መጥራት ቀላል ነው፤ ቀንድ ያለው ሁሉ ይጠራል። የጠራውን ሰው መመለሻ የሚበቃ ነገር የቀረው ስንቱ ነው? ያን ሳታውቁ ድምፃችሁን አትክፈቱ። ስለ ካድሬው የምትጠይቁኝ ካላችሁ ወዴት እንደገባ አላውቅም። እሱን ረግሜ ቢወጣልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ሱቄ ተቃጥሏል። እሳቱ ጣሪያውን ሲበላ ከደጅ ቆሜ ነበር። እሪ ማለት እችል ነበር። አንድ ባለ ምርኩዝ ሰው ያን ሁሉ ሜዳ እየዘለለ ሲመጣ ታየኝና እጄን አፌ ላይ ጭኜ ዝም አልሁ። ጢሱን ያዩ ጎረቤቶች በራሳቸው ደርሰው አጠፉልኝ። ሚስቴ ልጆቻችንን ስትወልድም፣ አንዱ ሲሞትብንም ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።

አያ አደም ያረፈው በቅርቡ ነው፤ አርጅቶ፣ አልጋው ላይ። አስከሬኑ ሲወጣ ሴቶቹ እሪ አሉ፣ ወንዶቹም አለቀሱ። እኔ ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ከኋላ ሄድሁ። ሰዎች ልቡ ደንድኗል ብለው ሳያሙኝ አልቀረም። እሪ ብል ተነሥቶ የሚመጣ መስሎኝ ነው።